የአንድ ዲስክ ሁለት ባለርስቶች



በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ሁለት ስርዓተ ክወና ማኖር አዲስ ሐሳብ አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረበው ፒሲ ኤክስቲ የነበረው ዲስክ 10 ሜጋባይት ብቻ ነበር። አብሮት የወጣው ዶስ 2.0 ግን ያንን ጠባብ ርስት ለብቻው አልጠቀለለውም፤ ሌላ ስርዓተ ክወናም ድርሻ እንዲኖረው በዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ላይ የድንበር መዝገብ አኖረ። መዝገቡ ከሴክተሩ 512 ባይት የሚይዘው 64ቱን ነው፤ አራት ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ 16 ባይት። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ክፍል ከየት እንደሚነሣና ምን ያህል እንደሚሰፋ ይናገራል።

የዚህን መዝገብ ክብደት የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። የዶክትሬት ጽሑፌን በማዘጋጅበት ጊዜ ከዊንዶውስ ጎን ሊኑክስ ልጭን ስል መዝገቡን ደመሰስሁት። ዲስኩ ባዶ ሆኖ ታየኝ፤ የሁለት ዓመት ድካሜም ያበቃለት መሰለኝ። ጽሑፉ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም ነበር፤ የጠፋው ድንበሩ ነው። በላዩ ሌላ ነገር ስላልጻፍሁበት፣ የክፍሎቹን መነሻ ፈልጎ የሚያገኝ ፕሮግራም መዝገቡን መልሶ አቆመልኝ።

ያ መዝገብ ቅጂ አልነበረውም፤ ከ2 ቴራባይት ገደማ በላይም መቁጠር አይችልም። ተተኪው ጂፒቲ በተለምዶ 128 ረድፍ አለው፤ ግልባጩንም በዲስኩ መጨረሻ ያኖራል። ሆኖም ግልባጩ የሚጠብቀው ድንበሩን እንጂ በውስጡ ያለውን ንብረት አይደለም። ስለዚህ ሁለተኛውን ስርዓት ከመጫናችሁ በፊት ሥራችሁን በሌላ ዲስክ ላይ አኑሩ።