ዜና መዋዕል ዘአባባ ተስፋዬ

ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዙፋን፣ ራስ ተፈሪ መኰንን በአልጋ ወራሽነት ሳሉ፣ በ1915 ዓ.ም. ሰኔ 20 ቀን፣ በባሌ ምድር ከዱ በተባለ ስፍራ ኋላ አባባ ተስፋዬ የተባሉት ተስፋዬ ሣህሉ ተወለዱ። ያን ጊዜ ቴአትር ላገራችን ገና እንግዳ ነበር። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ተውኔት በአዲስ አበባ ካሳዩ ገና ጥቂት ዓመታት ማለፋቸው ነው። እሱም ቢሆን በአውሬ አምሳል ሹማምንቱን ይነቅፋል ተብሎ ታግዶ ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን አንድ የባሌ ልጅ አድጎ የመድረክ ሰው ይሆናል ብሎ የሚገምት አይኖርም።

ከዚህም በኋላ በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ተስፋዬ ያን ጊዜ 13 ዓመት አልሞላቸውም፤ ራስ ተፈሪ፣ በንግሥና ስማቸው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ደግሞ 18 ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ልጅነታቸው በጠላት ዘመን አለፈ ማለት ነው። ነፃነት ሲመለስ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቴአትርና የሙዚቃ ቡድን አቋቋመ፤ ተስፋዬም ከቡድኑ ቀደምት ተዋንያን አንዱ ሆኑ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ ትታይ ዘንድ ቤተ ዘመድ አይፈቅድም። ተዋናይ ሁሉ በጅምላ «አዝማሪ» ተብሎ ይጠራል፤ ስሙም የሚነገረው ለክብር አልነበረም። ተውኔቱ ግን እናት ይፈልጋል፣ ሚስት ይፈልጋል፣ ሙሽራ ይፈልጋል። እንግዲህ የሴቷን ቦታ ለመሙላት ቀሚስ ከለበሱት፣ ሻሽ ካሰሩት ወንዶች መካከል ተስፋዬ ሣህሉ ግንባር ቀደሙ ነበሩ። አንድ ጎልማሳ ድምፁን አለስልሶ፣ አረማመዱን ለውጦ፣ ነጠላውን እንደ ባልቴት አጣፍቶ በሚያውቁት ሰዎች ፊት መቆሙ ቀላል ድፍረት አይደለም። ኋላ እነ አስናቀች ወርቁ ደፍረው መድረክ ሲወጡ ይህ ግዳጅ ቀረ። ሴቶቹ እስኪመጡ ድረስ መድረኩ ባዶ እንዳይቀር ያደረጉትን ወንዶች ግን የቴአትር ታሪካችን ከዚህ በበለጠ ሊያመሰግናቸው ይገባል እላለሁ።

በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር ወደ ኮሪያ ጦርነት ተጓዘ። በየተራው በጠቅላላው ከ6,000 የሚበልጥ ኢትዮጵያዊ ዘመተ። ተስፋዬም ከዘማቾቹ ጋር ሆነው ባሕር ተሻገሩ፤ ሥራቸውም ወታደሩን በሙዚቃ፣ በቀልድና በምትሃት ማዝናናት ነበር። ከአገሩ ርቆ ሞት አጠገቡ ለሚያድር ሰው ሳቅ ማቀበል እንደ ስንቅ ማቀበል ነው።

በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የንጉሠ ነገሥቱን የ25 ዓመት ኢዮቤልዩ ምክንያት በማድረግ በራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ድርሰት በ«ዳዊትና ኦርዮን» ተመረቀ። ተስፋዬም በዚህ ቤት ብዙ ዘመን ተጫወቱ። ከ«ዳዊትና ኦርዮን» ሌላ በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተተረጎመው «ኦቴሎ»፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዘመንም በ«ሀሁ በስድስት ወር» ተሳትፈዋል። ከጥንት ነገሥታት ታሪክ እስከ ሼክስፒር፣ ከሼክስፒርም እስከ አብዮት ድረስ አንድ ሰው ሁሉንም በገዛ አካሉ ተሸክሞ አለፈ።

ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ። ተስፋዬ በዚያው ዘመን የልጆችን ጊዜ ይዘው ቀረቡ። ዕድሜያቸው 41 ዓመት ብቻ ነበር። ሆኖም ሕዝብ ያያቸው እንደ አያት ነው። ይህን ሳስብ «አባባ» የተባለው ራሱ ትልቁ ገጸ ባሕርያቸው እንደ ነበር ይሰማኛል፤ ቀሚስ ለብሶ ባልቴት የመሆንን ጥበብ የተማረ ሰው ጎልማሳ ሳለ አያት መሆን አያቅተውም።

እንዴት ይጫወቱት እንደ ነበር ያየ ያውቀዋል። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች! የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች!» ይሉና ዝም ይላሉ። ዝም የሚሉት ልጆቹ እንዲመልሱ ነው። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ተጨናንቆ የተቀመጠው ሕፃን ሁሉ በአንድ ድምፅ ሰላምታውን ይመልሳል፤ እሳቸውም የሰሙት ይመስል ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይቀጥላሉ። ይህች ዝምታ የመድረክ ትምህርት ናት፤ ተመልካች የማይታይበትን ካሜራ በተመልካች እንደ ተሞላ አዳራሽ መቁጠር ናት። ከዚያ ተረቱ ይመጣል፤ ጅቡ በወፍራም ድምፅ፣ ጦጣዋ በቀጭን። መካከል ላይ «አያችሁ ልጆች» ይሉና ምክሩን ጣል ያደርጋሉ።

ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ ነገሠ፣ በ1977 ዓ.ም. ቴሌቪዥኑ ባለ ቀለም ሆነ፣ ደርግም ወደቀ። አባባ ተስፋዬ ግን በቦታቸው ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. ልጅ ሆኖ የሰማቸው ሰው የራሱን ልጅ ከፊታቸው አስቀመጠ። በ1998 ዓ.ም. ከቴሌቪዥን ሲለዩ በሥራው ላይ 42 ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። ተረቶቻቸውንም በመጽሐፍ አሳትመው ትተዋል። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህን ዜና ለጉራጌ ምድር፣ ለጥያ፣ ለቡኢ፣ ለቡታጅራና ለወልቂጤ አንባቢ መጻፌ ያለ ነገር አይደለም። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የጥያ ትክል ድንጋዮች የተቀረጸባቸውን ሰይፍ አቆዩልን፤ ያቆሟቸው ሰዎች ማታ ለልጆቻቸው ምን እንዳወሩ ግን ድንጋዩ አይናገርም። ዛሬም በሶዶ በክስታንኛ፣ በሌላውም የጉራጌ ምድር በየአፉ፣ አያቶች የሚያወሩት ተረት አለ። ከዚያ ውስጥ እንደ አባባ ተስፋዬ ተረቶች የታተመው ግን ጥቂት ነው። መምህራን ሆይ፣ ወላጆችም፤ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅዱ፣ ተማሪዎቻችሁንም አስጽፉ፤ ትምህርት ቤታችሁ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ከተረቶቹ አንዱን መድረክ ላይ ያውጣው።