የሕሙም ጥያቄና የማደንዘዣ ጥበብ ታሪክ

ለኦፕራሲዮን የተቀጠረ ሕሙም በዋዜማው ሐኪሙን ከሚጠይቃቸው ነገሮች መካከል ሁለቱ ይጸናሉ፤ አንደኛው «ስቀደድ ይሰማኝ ይሆን?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ ድምፅን ዝቅ አድርጎ የሚነገረው «ከተኛሁ በኋላ እነቃ ይሆን?» የሚለው ነው። የማደንዘዣን ታሪክ የጻፉ ሰዎች አክሊሉን ለፊተኛው ጥያቄ መልስ ላስገኙት መስጠትን ልማድ አድርገውታል፤ ዳሩ ግን ነገሩን ከሥሩ ለመረመረ ሰው፣ ማደንዘዣ የአደባባይ ትርኢት መሆኑ ቀርቶ የታመነ ሙያ ለመሆን የበቃው፣ ሁለተኛውን ጥያቄ በትዕግሥት የሚመረምር ሐኪም በተገኘ ጊዜ እንደ ሆነ ግልጽ ይሆንለታል።

ከ19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ አስቀድሞ የፊተኛውን ጥያቄ መጠየቅ ከንቱ ነበር፤ መልሱ የታወቀ ነበርና። ጥቂት ወይን ጠጅ ወይም ኦፒየም ከመስጠት በቀር ሐኪሙ ለሕሙሙ ሊያደርግለት የሚችለው ትልቁ ርኅራኄ የእጁ ፍጥነት ነበር፤ በለንደን የሮበርት ሊስተን ዝና የወጣውም እግርን በጥቂት ደቂቃዎች ቆርጦ በመጨረሱ ነው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ፋኒ በርኒ በ1811 ዓመት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በፓሪስ ከተማ፣ የናፖሌዎን ሠራዊት ሐኪም ላሬ ካለበት የሐኪሞች ማኅበር ፊት ጡቷ ሲቆረጥ፣ ልብ የሚያበረታ መጠጥ ከመቅመስ በቀር የተደረገላት ነገር አልነበረም፤ የደረሰባትን ለእኅቷ በደብዳቤ ጽፋ ለመጨረስ ወራት ፈጀባት፤ የጻፈችውንም መልሳ ለማንበብ ድፍረት አጣች።

ይህን ሥቃይ ለማስቀረት የደከሙት ሰዎች ብዙዎች ናቸው። በጃፓን ሃናኦካ ሴይሹ የተባለ ሐኪም በ1804 ከዕፅዋት በቀመመው መጠጥ አንዲት የጡት ነቀርሳ ያለባትን ሴት አስተኝቶ ቀድዷት ነበር፤ ነገር ግን አገሩ በሯን ለባዕዳን ዘግታ ስለ ነበር ጥበቡ ባሕር ሳይሻገር ቀረ። በአሜሪካ ክራውፎርድ ሎንግ በ1842 አንድ ወጣት በኤተር አስተኝቶ ከአንገቱ እባጭ ቢያወጣለትም፣ ሥራውን እስከ 1849 ሳያሳትም ቆየ፤ የጥርስ ሐኪሙ ሆራስ ዌልስም በ1845 በቦስተን ከተማ በሚያስቀው ጋዝ አደንዝዞ ጥርስ ሲነቅል ሕሙሙ ስለ ጮኸበት የተሰበሰቡት ተማሪዎች ተሳለቁበት። የዌልስ የቀድሞ ባልንጀራ ዊልያም ሞርተን ግን በ1846 ኦክቶበር 16 ቀን በዚያው በቦስተን በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ኤተር ሰጥቶ፣ እውቁ ሐኪም ጆን ዋረን የአንዱን ሰው አንገት ሲቀድድ የተለመደው ጩኸት አልተሰማም። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ያ ፈጣኑ ሊስተን ራሱ በለንደን ሕሙሙን በኤተር አስተኝቶ እግር ቆረጠ። ሞርተን ግን ኤተሩን በቀለምና በሽቱ ሸሽጎ፣ «ሌቴዎን» የሚል ስም አውጥቶለት፣ የባለቤትነት መብት ለማስከበር ተሯሯጠ፤ ሽታው ወዲያው ቢያጋልጠውም፣ የሰውን ሥቃይ ማስታገሻ በራሱ ኪስ ለመቆለፍ መሞከሩ በስሙ ላይ ጥላ እንዳጠላበት ቀርቷል፤ እኔም ጥላው ይገባዋል ባይ ነኝ።

በስኮትላንድ አገር በኤዲንብራ ከተማ የማዋለድ ጥበብ መምህር የነበረው ጄምስ ሲምፕሰን፣ ኤተር ጉሮሮን የሚኮሰኩስ ሆኖ ስላገኘው የሚሻል ነገር ሲፈልግ ሰንብቶ፣ በ1847 ኖቬምበር ከሁለት ረዳቶቹ ጋር በገዛ ቤቱ ማዕድ ዙሪያ ክሎሮፎርምን ቢያሸቱ፣ ሦስቱም ከጠረጴዛው ሥር ወድቀው ተገኙ። ሲምፕሰን መድኃኒቱን ሳይውል ሳያድር ምጥ ለያዛቸው ሴቶች መስጠት በጀመረ ጊዜ ሦስተኛ ዓይነት ጥያቄ ተነሣ፤ ይኸውም «ይህን ማድረግስ ይፈቀዳልን?» የሚል ነው፤ በኦሪት ዘፍጥረት ለሔዋን በጭንቅ እንድትወልድ ተነግሯታልና። ተቃውሞው ኋላ እንደ ተወራው የበረታ ባይሆንም፣ ሲምፕሰን በዚያው ዓመት በዲሴምበር ባሳተመው መልስ ከዚያው መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ እግዚአብሔር ከአዳም ጎን አጥንት በወሰደ ጊዜ አስቀድሞ ከባድ እንቅልፍ እንደ ጣለበት አስታወሰ። በእኛ የመጻሕፍት ጉባኤ ቤት ይህ ቢነሣ ኖሮ አዳም ያን ጊዜ ገና ያልበደለ፣ ሥቃይንም ያላወቀ ነበርና ምሳሌው እንዴት ይስማማል ብሎ የሚሞግት ደቀ መዝሙር አይታጣም፤ ሆኖም መልሱ ብልሃት የጎደለው አይደለም።

ክሎሮፎርም ቶሎ የሚሠራና ለመያዝ የሚመች ስለ ነበር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከከተማ ወደ ገጠር ተዛመተ፤ መሣሪያም አላስፈለገው፤ በጨርቅ ላይ ጠብ አድርጎ ወደ አፍንጫ ማስጠጋት ይበቃ ነበር። በ1848 ጃንዋሪ 28 ቀን በእንግሊዝ አገር በኒውካስል አጠገብ፣ ሐና ግሪነር የተባለች የ15 ዓመት ልጅ የእግሯ ጣት ጥፍር እንዲወጣላት ከቤቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልጅቱ ቀደም ሲል ለሌላው ጣቷ ኤተር ተሰጥቷት በደኅና የነቃች ብትሆንም፣ በዚያን ቀን እጅግ ፈርታ ታለቅስ ነበር። ክሎሮፎርሙ በጨርቅ ቀረበላት፤ ጥፍሩ ከተነካ ጥቂት ሳይቆይ ፊቷ ነጣ፤ ውኃና ብራንዲ በአፏ ቢጨምሩላትም ከሦስት ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ሞተች። በጥፍር ምክንያት የሞተች የአንዲት ብላቴና ወሬ፣ የቦስተኑ ድል ካስገኘው ደስታ ይልቅ ፈጥኖ በየቤቱ ገባ፤ «እነቃ ይሆን?» የሚለው ጥያቄም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሕሙም አፍ አልጠፋም።

ሐኪሞች ስለ ምክንያቱ ሲከራከሩ፣ አንዱ ልቧ ደካማ ነበረ፣ ሌላው የተሰጣት ብራንዲ አፈናት ይል ነበር። የለንደኑ ሐኪም ጆን ስኖው፣ ኮሌራ በውኃ እንደሚተላለፍ በማስረዳት በኋላ ስሙ የተጠራው፣ ክርክሩን ትቶ ወደ ልኬት ሄደ። ሙቀት በጨመረ መጠን ከክሎሮፎርሙ የሚነሣው ትነት እንደሚበዛ፣ ስለዚህም በጨርቅ የሚሰጥ ሐኪም ሕሙሙ ስንቱን እንደ ሳበ ሊያውቅ እንደማይችል አስረዳ፤ ትነቱ ከመጠን እንዳያልፍም በውኃ የሚቀዘቅዝ መሣሪያ ሠራ። የሰመመንን ደረጃዎችም ከዓይንና ከእስትንፋስ ምልክት ተነሥቶ በአምስት ከፈላቸው። በ1853 ኤፕሪል 7 ቀን ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል ሊዮፖልድን ስትወልድ፣ ስኖው 53 ደቂቃ ያህል በመሐረብ ጥቂት በጥቂት እየመጠነ ክሎሮፎርም ሰጣት፤ ንግሥቲቱም በዕለት መዝገቧ እጅግ አመሰገነችው፤ ምጥን ማስታገስ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክርም ከዚህ በኋላ ኃይሉ ደከመ። ስኖው በ1858 በ45 ዓመቱ ሲሞት ሊያሳትመው የነበረው መጽሐፍ፣ በክሎሮፎርም የሞቱትን ሰዎች አንድ በአንድ የዘረዘረና የእያንዳንዱን መንሥኤ የመረመረ ነበር። ከድሉ ይልቅ ሙታኑን መቁጠር የመረጠ ሰው ነውና፣ የሙያው አባት ተብሎ መጠራት ለሞርተን ሳይሆን ለእርሱ ይገባል።

ቈጠራውም ከእርሱ በኋላ አልተቋረጠም። «ከማታ ጀምሮ ለምን አትቅመስ ትሉኛላችሁ?» ብሎ የሚያጉረመርም ሕሙም የሚጠይቀው ነገር መልስ ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ በኒውዮርክ ከርቲስ ሜንደልሰን የተባለ የማዋለድ ሐኪም በ1946 ባወጣው ጽሑፍ ከ44016 እርግዝናዎች መካከል በማደንዘዣ ተኝተው ሳለ የሆዳቸው ነገር ትን ብሏቸው ወደ ሳንባቸው የገባ 66 እናቶችን መዝግቧል። ከእነርሱ ሁለቱ በጠንካራ ምግብ ታፍነው ሞቱ፤ በሌሎቹ ላይ ግን ሳንባውን የጎዳው የጨጓራው አሲድ እንደ ሆነ ሜንደልሰን በጥንቸሎች ላይ ሞክሮ አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሕሙሙ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ውኃ እንኳ እንዳይጠጣ ይከለከል ነበር፤ በኋለኛው ዘመን ግን ሕጉ ላልቶ፣ ሌላ የሚያሰጋ ነገር የሌለበት ሕሙም ንጹሕ ውኃ ኦፕራሲዮኑ ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ሊጠጣ ይፈቀድለታል፤ ጠንካራ ምግብ ግን ቢያንስ ስድስት ሰዓት አስቀድሞ መቅረት አለበት።