«ሰው አለ?»

ትናንት ማታ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንድ ልጅ «ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት አመሻችሁ?» ብሎ ጻፈ። ስድስት ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» አለው። ከሩብ ሰዓት በኋላ «ሰው አለ? አንድ ጥያቄ ነበረኝ» አለና ጠፋ። ጥያቄው የመጣው ጠዋት ነው፤ ያውም በስልክ የተነሳ፣ ግማሹን የመብራት ነጸብራቅ የሸፈነው የስክሪን ፎቶ፣ ከሥሩ «ይሄ ምንድነው?» የሚል።

አልፈርድበትም። እኛ ዘንድ ሰው ቤት ዘው ብሎ፣ የልጆቹን ደህንነት እንኳ ሳይጠይቅ ጉዳዩን የሚዘረግፍ ባለጌ ነው። እኔም ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና መጠቀም ስጀምር ለውጭ አገር ባለሙያዎች የጻፍኳት የመጀመሪያ ጥያቄ ግማሽ ገጽ ሰላምታ ነበረባት። መልሱ አንድ መስመር ሆነ፦ መጀመሪያ መመሪያውን አንብብ። ኢንተርኔት ካፌ ቁጭ ብዬ በደቂቃ እየከፈልኩ መገሰጽ! ዓመታት ሙሉ ትዕቢት አድርጌ ቆጠርኩባቸው። ለካ ነገሩ የተጀመረው በስልክ ሂሳብ ኖሯል።

የቀድሞውን የኮምፒውተር መወያያ መረብ፣ ዩዝኔትን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሰቡት ቶም ትራስኮትና ጂም ኤሊስ የተባሉ የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ኮምፒውተሮቹ በሞደም እየተደዋወሉ መልእክት ይቀባበሉ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ታሪፉ በሚረክስበት ሌሊት። አንዱ «ሰው አለ?» ብሎ ቢጽፍ፣ ያቺ ሁለት ቃል ከማሽን ማሽን ስትገለበጥ ታድራለች፤ በየደረሰችበት ዲስክ ትይዛለች፣ የስልኩን ዋጋ ደግሞ ባለማሽኑ ይከፍላል። የላሪ ዎል ማንበቢያ ፕሮግራም፣ አርኤን፣ ጸሐፊውን ያስፈራራ ነበር፦ ጽሑፍህ በሺህ ወደሚቆጠሩ ማሽኖች ይሄዳል፣ በመቶዎች ምናልባትም በሺዎች ዶላር ያስወጣል፤ እርግጠኛ ነህ?

በየመስከረሙ አዲስ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያው ጥያቄ እንደገና ይመጣ ነበር። ነባሮቹ ሰልችቷቸው መልሱን በአንድ ጽሑፍ ሰብስበው በየጊዜው ይለጥፉት ጀመር፤ ዛሬ በየድርጅቱ ገጽ የምናየው «ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች» የዚያ ጽሑፍ ልጅ ነው። የኢንቴሏ ሳሊ ሃምብሪጅ የጨዋነት ደንቡን እ.ኤ.አ. በ1995 ሰነድ አድርጋ ስታወጣው፣ ኤሪክ ሬይመንድና ሪክ ሞን በ2001 ስለ አጠያየቅ ረጅም መመሪያ ሲጽፉ፣ የሌሊቱ ታሪፍ ተረስቶ ነበር። ቁጣው ግን እንዳለ ቀረ።

ሰላምታ ራሱ ነውር አልነበረም። ሐምሌ 3 ቀን 1991 (በፈረንጆቹ) ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ተማሪ ሚኒክስ ለተባለው ሥርዓተ ክወና ተጠቃሚዎች ሲጽፍ በሁለት ቃል ሰላም አላቸው። እዚያው ላይ ምን ላይ እየሠራ እንደሆነ፣ ፖዚክስ የተባለው የሥርዓተ ክወና ደንብ እንደሚያስፈልገው፣ ቢቻል በኮምፒውተር የሚነበበውን እንደሚመርጥ ነገራቸው። በኋላ ሊኑክስ የተባለውን ሥራውን ገና ማንም አያውቀውም ነበር።

ይህን የቶርቫልድስ መልእክት ወደ አማርኛ መልሼ ለዚያ ልጅ በውስጥ ላክሁለት፤ በፎቶው ላይ ያልታየውን የስህተት ጽሑፍም እንዲገለብጥልኝ ጠየቅሁት። አነበበው። ብዙ ቆይቶ መለሰልኝ፦

«ሰላም ነው ጋሼ? ደህና ዋሉ?»