ቅድሚያ የተሰጠው እሽግ ስለምን ይጣላል?

መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1865 ፓሪስ ላይ የቴሌግራፍ ስምምነት ሲፈራረሙ፣ የመንግሥት ቴሌግራም አስቀድሞ፣ የግለሰብ ግን በመጨረሻ እንዲተላለፍ ደነገጉ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1932 የዓለም አቀፉ ኅብረት አባል ሆነች። በዚያ ዘመን ተራው ያልደረሰ ቴሌግራም ጠረጴዛ ላይ ይቈይ ነበር እንጂ አይጣልም።

የኢንተርኔት ደንብ እ.ኤ.አ. በ1981 ያንኑ ቅደም ተከተል በእሽጉ ራስጌ ላይ በሦስት ቢት አኖረው፤ በ1998 ስድስት ቢት ሆነ። ይሁን እንጂ የራውተር ወረፋ ሲሞላ ተረፈውን ይጥላል። ደግሞም አስቸኳይ ቴሌግራም ተጨማሪ ዋጋ ይከፈልበት ነበር፤ ዛሬ ማንኛውም መሣሪያ በነጻ ራሱን «ቀዳሚ» ሊያሰኝ ይችላል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወረዳ ኔት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን በሳተላይት እያያያዘ የምስል ስብሰባን ሲያስተላልፍ ጉዳዩ ወደ ትንንሽ ከተሞች ደረሰ። የሆሳዕና ጎረቤት እንደ ሆነችው እንደ ፎንቆ ባለች ከተማ፣ መሥመሩ በአምስት ደቂቃ አማካይ ግማሹ ባዶ መስሎ እየታየ የስብሰባው ድምፅ ሊቆራረጥ ይችላል። ባለሙያው ገመዱን፣ ዲሹን፣ ዝናቡንም ይጠረጥራል። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ከቅድሚያው ከራሱ ነው። ቀዳሚው ወረፋ ሌላውን እንዳያስርብ ጣራ ይበጅለታል፤ ምስሉ በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ሲጐርፍና መሥመሩ ለቅጽበት ሲጨናነቅ፣ ከጣራው በላይ የሆነው ይወድቃል። የአምስት ደቂቃው አማካይ ይህን ይሸፍነዋል፤ የሚገልጠው የየወረፋው የውድቀት ቈጣሪ ነው።