ሆዳምነትና ውፍረት

ለዕረፍት አገር ቤት ስትገቡ «ወፈርሽ፤ ተመችቶሻል» መባል ምስጋና ነው። እዚህ በክሊኒኩ ሚዛን ላይ ግን ያው ቃል ወቀሳ ይሆናል። ወቀሳው ከወዴት መጣ?

ክብደትን በቁመት ካሬ የማካፈሉን ስሌት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያቀረበው ቤልጅማዊው የከዋክብት ተመራማሪ አዶልፍ ኬትሌ ነው። እርሱ የሻተው «አማካይ ሰው»ን እንጂ የአንዲትን ሴት ጤና አልነበረም። አንሴል ኪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ስሌቱን ዛሬ በሚታወቅበት ስም ጠሩት፤ በኋላም 30ና ከዚያ በላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ተባለ። አስቀድሞ በ1969 በአሜሪካ ስለ ወፍራሞች ክብር የሚሟገት ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ሐኪሞቹ ስኳርንና የደም ግፊትን ያነሣሉ፤ እውነት አላቸው። ተሟጋቾቹም ንቀት መድኃኒት አይደለም ይላሉ፤ በዚህ እነርሱም እውነት አላቸው።

በሰው ቤት እያገለገልሽ እራትሽን በእኩለ ሌሊት ከተረፈው የምትበዪ እኅቴ ሆይ፤ ስኳርሽንና ግፊትሽን ተለኪ፤ ክብደትሽን ግን ከኃጢአት አትቁጠሪው። ቤተ ክርስቲያን ከዋና ኃጢአቶች ጋር የቆጠረችው ሆዳምነትን ነው። ታላቁ ጎርጎርዮስ መልኮቹን ሲዘረዝር ያለ ጊዜው መብላትን፣ ማማረጥን፣ መስገብገብን ጠቀሰ፤ ወገብ አልለካም። ይህንኑ ትምህርት ያብራራው ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም፣ እንደሚነገረው ከሆነ፣ እጅግ ግዙፍ ሰው ነበር።