የዳሱ ብድር

መርጡለ ማርያም ላይ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ዳስ የማይጣልበት ሳምንት የለም። እኔ ላገባ ስል ግን ለአባቴ፣ «ሽማግሌ ይቀመጥ፣ ውሉ ይጻፍ፣ ቤተሰብ አንድ ማዕድ ይቁረስና ይብቃ» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ፣ «የሰው ዳስ ስበላ ኖሬ የእኔን ልዝጋው?» አለኝ።

እኔ ነገሩን በገንዘብ ብቻ ነበር የያዝኩት። እህቴ ስትዳር አንዱ በሬ ተሸጦ፣ ያን ክረምት አባቴ ያረሰው ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነው። የእሱን ጥያቄ ለመመለስ ግን ወደ ኋላ ሄጄ ማየት ነበረብኝ።

ድግስ ባህላችን መሆኑ አይካድም። ጋብቻውን ጋብቻ የሚያደርገው ግን ድግሱ ሆኖ አያውቅም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚያስረው ቁርባኑ ነው፤ ምኒልክና ጣይቱም በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን አንኮበር ላይ የተሳሰሩት በዚሁ ነበር። ቁርባን ግን አይፈታም። ስለዚህ አብዛኛው ገበሬ በሰማንያ ይጋባ ነበር፦ ሁለቱ ወገኖች የሚያመጡት ከብት በሽማግሌ ፊት ይቆጠራል፣ ዋስ ይጠራል፣ አለቀ።

ታዲያ ዳሱ ለምን አስፈለገ? ወረቀት ባልነበረበት ዘመን መዝገቡ የበላው ሰው ስለነበረ ይመስለኛል። ባልና ሚስት ተጣልተው ከብት ሲካፈሉ፣ «እኔ በሰርጋቸው ነበርኩ» የሚል ጎረቤት ያስፈልጋል። ዳሱ በሰፋ ቁጥር ምስክሩ ይበዛል።

በኋላ ሕጉ ይህን ሥራ ተረከበ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በልማድ የሚፈጸሙ ጋብቻዎችን እኩል ተቀበለ። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም በሹሙ ፊት ለሚጋቡ የሚጠይቀው ለሙሽራው ሁለት፣ ለሙሽራዋ ሁለት ምስክር ነው፤ በድምሩ አራት ሰው። ወረቀቱ ባይኖር እንኳ ቤተሰብና ማኅበረሰብ እንደ ባልና ሚስት የሚያያቸው መሆኑ ማስረጃ ይሆናል ይላል። የጎረቤት ዓይን ዛሬም ሕግ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ነገርኩት። አዳምጦኝ ሲያበቃ መቁጠር ጀመረ፦ በእህቴ ሰርግ ማን ስንት እንስራ ጠላ እንዳመጣ፣ ማን እንጀራ በመሶብ እንዳስያዘ፣ ማን ሌሊቱን ሙሉ እንጨት እንደፈለጠ። አንድም ቤት አልረሳም። ሕጉ ምስክርነቱን ከዳሱ ወስዶታል፤ ብድሩን ግን አልወሰደውም። ቀላል ሰርግ የምንመርጥ ልጆች የምናስቀረው ወጪ ለእኛ ወጪ ነው፤ ለአባቶቻችን ያልተመለሰ ውለታ ነው። ብድር በምድር ይላሉ።

ዳስ አልጣልንም። በሬም አልተሸጠም። በሽማግሌ ፊት ተፈራርመን አንድ በግ አረድን፣ ሃያ የማንሞላ ሰዎች በላን። አባቴ ግን የራሱን መንገድ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በ21፣ እቴጌ እሌኒ ካሠራችው የድንጋይ ሕንፃ ፍርስራሽ አጠገብ ካለው ቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ሦስት አራት ጎረቤት ይዞ ይመጣል። እናቴ ጠላ ትቀዳለች፣ ዳቦ ትቆርሳለች። ያበሉትን ተራ በተራ እያበላ ነው።

ባለፈው ወር ስንት ቤት እንደቀረው ጠየቅኩት። «ዘጠኝ» አለኝ፣ ሳያመነታ።