ስሟ ከተጠራ በኋላ

ሳም ራይሚ በ1978 እ.ኤ.አ. በጥቂት ገንዘብ አንድ አጭር አስፈሪ ፊልም ሠርቶ ለባለሀብቶች አሳየ፤ «ዘ ኢቭል ዴድ» የተወለደው ከዚያ ነው። ስዊድናዊው ዴቪድ ሳንድበርግ በ2013 ከባለቤቱ ጋር በመኖሪያ ቤታቸው የቀረጻት፣ ሦስት ደቂቃ የማትሞላው «ላይትስ አውት»ም በ2016 በሆሊውድ ሙሉ ፊልም ሆናለች። ይህን ያየ ሰው፣ ጥሩ ማስደንገጫ ላለው ጀማሪ የቀረው ገንዘብ ብቻ ነው ሊል ይችላል። እኔ አይመስለኝም። ድንጋጤ ለደቂቃዎች ይበቃል፤ አንድ ሰዓት ተኩል የሚሸከመው ግን ከፍርሃቱ ጀርባ ያለው ማኅበረሰብ ነው። አውስትራሊያዊቷ ጄኒፈር ኬንት በ2005 የሠራችውን አጭር ፊልም ወደ «ዘ ባባዱክ» ስታሳድገው፣ ታሪኩን የሞላችው ባሏ በሞተባት እናት ሐዘን ነው።

ከእኛ አገር ደግሞ በቅኔ ትምህርት ቤቷ ስሟ የገነነውን የምሥራቅ ጎጃሟን ዲማን እንውሰድ። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የተማሩባት ይህች ደብር፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው ልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የታሪኩ ዋና መድረክ ናት። ጭራቅ የለበትም፤ ሰዎቹን ወደ መቃብር የሚነዳው የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ነው። በዚያው ደጋ አገር ሌላም የፍርሃት ምንጭ አለ፤ ሰው ይይዛል የሚባለው ቡዳ። ጢስ ባፈነው ጎጆ አንዲት ልጅ ተጋድማለች እንበል። ፍም ላይ የተጣለው ሥር ይጨሳል፤ ዘመድ ከቧት «ማን ነህ? የት ያዝካት?» ይላል። ልጅቷ የራሷ ባልሆነ ድምፅ ስትለፈልፍ ቆይታ የሸክላ ሠሪ ጎረቤቷን ስም ትጠራለች። አጭሩ ፊልም እዚህ ላይ ቢያልቅ ያስደነግጣል። ሙሉው ግን ገና መጀመሩ ነው፤ በማግሥቱ የሴትየዋን እንስራ ማን ይገዛታል? ልጇንስ ማን ያገባታል? ሌሊት በሯን የሚያንኳኳው ማን ነው?

እንዲህ ያለ ፊልም አጉል እምነትን ያስፋፋል የሚል ሥጋት ይነሣል፤ ሥጋቱም ተገቢ ነው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ ለዘመናት ተገልለዋል፤ ካሜራው እነሱን አውሬ አድርጎ ካሳየ በደሉን ይደግመዋል። አስፈሪው ስም ጠሪው ሕዝብ ሲሆን ግን ፊልሙ ለተበደሉት ይቆማል። የገንዘቡን ጥያቄ ደግሞ ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ መልሶታል፤ በ1976 እ.ኤ.አ. ለዕይታ የበቃው ፊልሙ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በኢትዮጵያ ገጠር፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም በአነስተኛ ወጪ የተሠራ ነው።

ስለዚህ ጀማሪ ዳይሬክተሮች ሆይ፣ አጭሩን ከመቅረጻችሁ በፊት ስሟ የተጠራው ሴት በማግሥቱ የሚደርስባትን ጻፉ። ያ ገጽ አልሞላ ካለ ታሪኩ በአጭሩ ይብቃው።